በመጸውና በብርድ ወራት በወንዝ ሸለቆ ረግረግ ወፍ ማየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ያሉ የወንዝ ዳር ረግረጎች በወፍ ይሞላሉ። ብዙ ሰው ግን ወፍ ማየት የጸደይ ነገር ይመስለዋል። ብርዱ ሲገባ ባይኖኩላሩን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ይህ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም የውሃ ወፍ በብዛት የሚታየው ያኔ ነው። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጀማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱ መልስ ሁለት መስመር ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ገባ ብሎ ማየት ይፈልጋል።

ከየትኛው ወር ልጀምር?

ከመስከረም። ያን ጊዜ ረግረጉ ላይ ሂያጁና መጪው ይገናኛሉ። ስዋሎ የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ወደ አፍሪካ ከመነሳታቸው በፊት ማታ ማታ በብዛት ሸምበቆ ውስጥ ያድራሉ። ከሰሜን ዋልታ አካባቢ የወረዱ ባለ ረጅም እግር ወፎች ደግሞ ጭቃው ላይ ለጥቂት ቀናት አርፈው፣ በልተው፣ ስብ ይዘው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ጥቅምት ላይ ስዋን የሚባሉት አንገተ ረጅም ትልልቅ ነጭ የውሃ ወፎችና ዊጀን የሚባሉት ዳክዬዎች መግባት ይጀምራሉ። በጥቅምት ሌሊት ደጅ ወጥታችሁ ጸጥ ብላችሁ ብታዳምጡ፣ ሬድዊንግ የምትባለው ወፍ በጨለማው ውስጥ ቀጭን ድምፅ እያሰማች ስታልፍ ትሰማላችሁ። ከተማ ውስጥ ሆናችሁም ይሰማል። ኅዳር ላይ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ጣሪያ ይነካል። የካቲት ላይ አንዳንዶቹ ጓዛቸውን መሸከፍ ይጀምራሉ።

አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ ካላችሁ ጥር ላይ፣ ጠንከር ያለ ብርድ በገባ ማግስት ሂዱ። ሁለት ቀን ካላችሁ ግን አንዱን ለጥቅምት ስጡት። ያው ቦታ መሆኑን እስክትጠራጠሩ ድረስ ይለያያል።

ከቀኑ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ጎህ ሲቀድና ጀምበር ልትጠልቅ ስትል። ስዋን፣ ዝይና ክሬን የሚባለው ባለ ረጅም እግር ትልቅ ወፍ ሌሊቱን ውሃ ላይ ወይም ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ምክንያቱም ቀበሮና መሰሎቹ ሳይሰሙ ሊደርሱባቸው አይችሉም። ሲነጋ ተነስተው እርሻና ሣር ሜዳ ላይ ይውላሉ። ሲመሽ በቡድን በቡድን ይመለሳሉ። እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ባዶ ውሃ አይቶ "እዚህ ስዋን የለም" ብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። አሉ፣ ሥራ ላይ ናቸው።

በብርዱ ወራት አንድ ጥሩ ነገር አለ። ቀኑ አጭር ነው። በ52 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ በዓመቱ አጭሩ ቀን ብርሃን የሚቆየው 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መውጣታቸውንም መመለሳቸውንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፣ ቆፈኑን ከቻላችሁት።

ሄጄ ምንም አላየሁም። ወፎቹ የት ናቸው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል፣ እኔም ከሁሉም በላይ መመለስ የምወደው ይህንን ነው። ወፍ ከመፈለጋችሁ በፊት ውሃውን እዩ። የወንዝ ሸለቆ ረግረግ እንደ ሐይቅ አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ወንዙ ሲሞላ ይሰፋል፣ ሲጎድል ይሸሻል፣ ሲበርድ በረዶ ሆኖ ይረጋል። ወፎቹ ይህንን ተከትለው ይንቀሳቀሳሉ። ባለፈው ሳምንት በሺህ የሚቆጠሩ ዳክዬዎች የነበሩበት ቦታ ዛሬ ጭር ቢል ጠፍተው አይደለም፣ ውሃው ተንቀሳቅሶ ነው።

ጥልቀቱ ማን የት እንደሚቆም ይወስናል። ጭቃና ረጠብ ያለ ሜዳ ላይ የሚበሉት ወፎች፣ ለምሳሌ ስናይፕና ላፕዊንግ፣ የሚፈልጉት እርጥብ መሬት ወይም የጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። ቲል የምትባለው ትንሿ ዳክዬ ጥልቀት የሌለው ዳር ዳሩን ትወዳለች። ጭንቅላታቸውን ደፍተው ጭራቸውን ወደ ላይ የሚያቆሙት ዳክዬዎች አንገታቸው እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው የሚበሉት። ከዚያ በላይ ሲጠልቅ ጠላቂዎቹ ይተኳቸዋል፣ ቱፍትድ ዳክና ፖቻርድ።

ጎርፍ ሲጀምር ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ሣሩ ላይ ውሃ ሲወጣ ትሎች ከጉድጓዳቸው ይገፋሉ፣ ዘሮች ይንሳፈፋሉ፣ ወፎቹ የውሃውን ጠርዝ ተከትለው ይበላሉ። ስለዚህ ጠርዙን ፈልጉ። ጎርፉ በጣም ከጠለቀ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሣሩ ይሸፈናል፣ ሣር የሚግጡት ዊጀኖች ወደ ከፍታው ይሸሻሉ ወይም ጭራሽ ሌላ ሸለቆ ይሄዳሉ። ውሃው ሲረጋ ደግሞ ያልረጋችውን ቀዳዳ ፈልጉ። ሁሉም እዚያ ይሰበሰባል፣ ብዙ ጊዜ ራሳቸው በመዋኘት ክፍት የሚያደርጓት ቦታ ናት። የሚፈሰው ወንዝ ራሱም ቶሎ ስለማይረጋ በቆፈን ቀን ዋናው መሸሸጊያ እሱ ነው። ነፋስ ካለ ከግድቡ ወይም ከደሴቷ ጀርባ፣ ነፋስ የማይደርስበት በኩል እዩ።

ብዙ አገሮች የወንዞችን ከፍታ ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲሉ በየሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋሉ። እኔ ከአየር ትንበያው በፊት የማየው እሱን ነው። ከፍታው ትናንትና ዛሬ እየጨመረ ከሆነ ጫማዬን አነሳለሁ።

ደርሳችሁ ደግሞ ቶሎ አትነሱ። ቁጭ በሉ። ባዶ የመሰለው ዳርቻ ላይ የደረቀ ሣር የመሰላችሁ ነገር ከብዙ ቆይታ በኋላ ይንቀሳቀስና ስናይፕ ሆኖ ያርፋል፣ አንዷን ካያችሁ ደግሞ አጠገቧ ሌሎች እንዳሉ ዓይናችሁ ይለምዳል።

ዳክዬዎቹ ሁሉ ቡናማ ናቸው። እንዴት ነው የምለያቸው?

መስከረም ላይ ከሆነ የሄዳችሁት እውነታችሁን ነው። ወንዶቹ ዳክዬዎች ከመራባት በኋላ በበጋው የክንፍ ላባቸውን በአንድ ጊዜ ያራግፋሉ። ለጥቂት ሳምንታት መብረር አይችሉም። ያን ጊዜ ደማቅ ቀለም መልበስ ለአዳኝ ራስን ማሳየት ነው፣ ስለዚህ ሴቶቹን የመሰለ ደብዛዛ ልብስ ይለብሳሉ። ጥቅምት ላይ መቀየር ይጀምራሉ። ታኅሣሥ ላይ አብዛኞቹ ወንዶች ሙሉ ውበታቸው ላይ ናቸው፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ዳክዬዎች አጋር የሚመርጡት በብርዱ ወራት ነው። ጭንቅላት መወርወሩን፣ አንገት መቀሰሩን፣ ውሃ መርጨቱን ያኔ ታያላችሁ።

ስለዚህ ዳክዬ መማር ያለባችሁ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፣ ከወንዶቹ ጀምራችሁ። መጀመሪያ ቀለሙን ተዉትና ምን እየሠራ እንደሆነ እዩ። ሣር ላይ በመንጋ ሆኖ የሚግጥ፣ ወንዱ ቀይ ቡናማ ጭንቅላትና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ግንባር ያለው፣ ረዘም አድርጎ የሚያፏጭ ከሆነ ዊጀን ነው። ፉጨቱን አንዴ ከሰማችሁ አትረሱትም። ከሁሉም የምታንሰውና ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ የምትነሳው ቲል ናት። ሰፊና ዝርግ ምንቃሩን ውሃው ላይ እያንሸራተተ፣ አንዳንዴም በቡድን ሆኖ ክብ እየሠራ የሚዋኘው ሾቭለር ነው፣ ውሃውን በምንቃሩ እያጣራ ነው። ረጅም አንገትና ሹል ጭራ ያለው ቀጠን ያለው ፒንቴል ነው። ከእነዚህ አራቱ ጋር ከተዋወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ሴቶቹስ? ከማን ጋር እንደምትዋኝ እዩ። በጥር ብዙዎቹ ጥንድ ናቸው። ከዚያ የምንቃሯን ቅርፅ፣ ከዚያ ስትበር ክንፏ ላይ የምትታየውን ባለ ቀለም መስኮት። ሴት ዳክዬ መለየት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን በጣም ያረካል።

ስዋኖቹስ ይለያያሉ?

አዎ። ዓመቱን ሙሉ የምታዩት ብርቱካናማ ምንቃርና ግንባሩ ላይ ጥቁር ጉብታ ያለው ሚዩት ስዋን ነው። በብርዱ የሚመጡት ሁለቱ ጥቁርና ቢጫ ምንቃር አላቸው። ትልቁ ሁፐር ነው። ወደ ብሪታንያ የሚመጡት በአብዛኛው ከአይስላንድ ነው፣ ቢጫው ሹል ሆኖ ከአፍንጫ ቀዳዳው አልፎ ይወርዳል። ትንሹ ቢዊክ ነው፣ ከሩሲያ ሰሜን ዋልታ ዳርቻ ይመጣል፣ ቢጫውም ያንሳል። የቢዊክ ምንቃር ላይ ያለው የቢጫና የጥቁር ቅርፅ ከወፍ ወፍ ይለያያል። ሰር ፒተር ስኮት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በእንግሊዝ ስሊምብሪጅ እያንዳንዱን ስዋን በምንቃሩ እየሳሉ መመዝገብ ጀመሩ፣ ያ ጥናት ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት ቀጥሏል። እየደጋገመ የሚመጣ ወፍ በፊቱ ይታወቃል ማለት ነው። ይህንን ሳውቅ ስዋን የማይበት መንገድ ተቀየረ።

ምን ዓይነት ባይኖኩላር ልግዛ?

8 በ42። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉ ወደ ዓይናችሁ የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። 8 በ42 ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰጣል፣ 10 በ42 ደግሞ 4.2። በደመናማ የታኅሣሥ ምሽት ይህ ልዩነት ይታያል። 10 እጥፉ ደግሞ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፣ በብርድ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን ቀለበቱን ወደ ውስጥ አጥፉት። ወፉን በባዶ ዓይን ካያችሁ በኋላ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ፊታችሁ አምጡ። ባይኖኩላሩን ይዞ ወፍ መፈለግ አድካሚ ነው።

ቴሌስኮፕ ሩቅ ላለ መንጋ ይጠቅማል፣ ግን መጀመሪያ ላይ አያስፈልጋችሁም። ተደብቆ ወፍ ለማየት በተሠራ ጎጆ ውስጥ ቴሌስኮፕ የያዘ ሰው ካለ ጠይቁት። አብዛኛው ደስ ብሎት ያሳያችኋል።

ምን ልልበስ?

ከምታስቡት በላይ። የሚራመድ ሰው ይሞቀዋል፣ ወፍ የሚያይ ሰው ግን ቁጭ ይላል። ደራርቡ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ፣ ከታች ሱፍ። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። ውሃ የማያስገባ ቦቲ፣ ጓንት፣ ኮፍያ። ትኩስ ነገር በቴርሞስ።

ለምንድን ነው ከመንገድ እንዳንወጣ የሚሉት? ትንሽ ቀረብ ብል ምን ይሆናል?

ይህንን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፣ ክልከላ ብቻ መስሎ ስለሚታይ። በብርዱ ወራት ወፍ የሚኖረው በሂሳብ ነው። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ሰውነቱን ለማሞቅ ስብ ያቃጥላል፣ ያንን በአጭሩ ቀን መልሶ መሙላት አለበት። ዊጀንን ውሰዱ። የሚበላው ሣር ነው፣ ሣር ደግሞ ብዙ ጉልበት የለውም፣ ስለዚህ ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት፣ ሌሊትም ጭምር፣ ሲግጥ ያሳልፋል። አንድ ሰው ፎቶ ለማንሳት አሥር እርምጃ ቀረበ እንበል። መንጋው ይነሳል። መብረር ወፍ ከሚሠራው ሁሉ ጉልበት የሚፈጀው ነው። ተነስቶ፣ ዞሮ፣ ሌላ ቦታ አርፎ፣ ተረጋግቶ ዳግም መብላት እስኪጀምር ድረስ ያወጣውም ያላገኘውም ይደመራል። ከዚያ ሌላ ሰው ይመጣል። ከዚያ ውሻ።

በአዘቦት ቀን ይህንን ይቋቋሙታል። መሬቱ ለሳምንት በረዶ ሆኖ ሲከርም ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በብሪታንያ ቅዝቃዜው ሲራዘም የውሃ ወፍ አደን በሕግ የሚታገደው ለዚህ ነው። አዳኙ እንዲቆም ከተጠየቀ ፎቶ አንሺም ያንኑ ያህል ሊጠነቀቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ምልክቶቹን ተማሩ። ይበሉ የነበሩት አንገታቸውን ቀጥ ካደረጉ፣ መብላት ካቆሙ፣ ወደ ውሃው መሄድ ከጀመሩ፣ ቀርባችኋል። ቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ግድብ አናት ላይ ከሰማዩ ፊት ጎልታችሁ እየታያችሁ አትሂዱ፣ ከግድቡ በታች ሂዱ።

ውሻዬን ልውሰድ? ድሮንስ?

ውሻ በሚፈቀድበት መንገድ ላይ ብቻ፣ በገመድ ታስሮ። ብዙ ጥብቅ ስፍራዎች ጭራሽ አይፈቅዱም። ድሮን አይሆንም። ለወፎቹ ከላይ የመጣ አዳኝ ነው።

ማያ ጎጆው ውስጥ ምን ዓይነት ደንብ አለ?

በሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። የመስኮቱን መከለያ ስታነሱም እንዲሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ውሃውን ተሻግሮ ይሄዳል። እጃችሁን በመስኮቱ አታውጡ፣ ወፎቹ ጎጆውን ለምደውታል፣ ከጎጆው የሚወጣ ክንድ ግን አልለመዱም። በሹክሹክታ አውሩ። ከሞላ ቦታ ተቀያየሩ። እናም ያላወቃችሁትን ወፍ ጮክ ባትሉም ጠይቁ። ጥያቄ የሚያፍር ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

በረዶ ላይ ሲቆሙ እግራቸው በረዶ አይሆንም?

አይሆንም። ወደ እግር የሚወርደው ሙቅ ደም ያለበት ቧንቧና ከእግር የሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ያለበት ቧንቧ ተጠጋግተው ነው የሚሄዱት። የሚወርደው ሙቀቱን ለሚመለሰው ያስረክባል። እግር ላይ የሚደርሰው ደም ቀዝቅዟል፣ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ደግሞ ሞቋል። ስለዚህ በእግር በኩል የሚባክነው ሙቀት ጥቂት ነው። አንድ እግር አጥፎ መቆሙም፣ ምንቃርን ላባ ውስጥ መክተቱም ለዚሁ ነው። አንካሳ መስሏችሁ አትዘኑ።

በድንገት ሁሉም ይነሳሉ። ምን ሆነው ነው?

ወደ ላይ እዩ። አዳኝ መጥቷል። ላፕዊንጎችና ጎልደን ፕሎቨሮች በአንድ ጊዜ ፈንድተው ከፍ ካሉና ጥቅጥቅ ብለው ከተጠመዘዙ ፐሪግሪን ጭልፊት ሊሆን ይችላል፣ ከላይ ተወርውሮ ነው የሚመታው። ከሸምበቆው አናት ዝቅ ብሎ ክንፉን ትንሽ ወደ ላይ ቀስሮ እየተንሳፈፈ የሚሄደው ማርሽ ሃሪየር ነው። ከሰዓት በኋላ ረጅም ክንፉን ቀስ እያለ እያርገበገበ ሣር ሜዳ ላይ የሚያድነው ቢጫ ዓይን ያለው ወፍ ሾርት ኢርድ ኦውል የሚባለው ጉጉት ነው፣ ቀን ከሚያድኑት ጥቂት ጉጉቶች አንዱ። እሱን ለማየት ጥር ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ቁሙ።

አዳኙን ካላገኛችሁት መንጋው የት ቦታ ላይ እንደሚከፈል እዩ። የሚከፈለው እሱ ባለበት ነው።

ስታርሊንጎች ሰማይ ላይ የሚሠሩትን ትርዒት የት ነው የማየው?

ስታርሊንግ የሚባሉት ትንንሽ ጥቁር ወፎች ከማደራቸው በፊት ትልቅ መንጋ ሆነው ሰማይ ላይ አብረው ይጠማዘዛሉ። ይህንን የምታዩት ከኅዳር እስከ የካቲት መጀመሪያ፣ ሰፊ ሸምበቆ ባለበት ቦታ፣ ጀምበር ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት በፊት። በእንግሊዝ ሶመርሴት በብሩ ወንዝ ሸለቆ ያሉት ሃም ዎልና ሻፕዊክ ሂዝ በዚህ ይታወቃሉ። የሚያድሩበትን ቦታ ይቀያይራሉ፣ ስለዚህ የስፍራውን ሠራተኞች ትናንት የት እንዳደሩ ጠይቁ።

እንዴት እንደማይጋጩ ሁሉም ይጠይቃል። ሮም ላይ ተሠርቶ በ2008 በታተመ ጥናት መሠረት እያንዳንዷ ወፍ የምትከታተለው አጠገቧ ያሉትን 6 ወይም 7 ወፎች ብቻ ነው። መሪ የለም። አንዷ ስትታጠፍ እነሱ ይታጠፋሉ፣ የእነሱ ጎረቤቶችም እንዲሁ፣ እንቅስቃሴው መንጋውን በቅጽበት አቋርጦ ያልፋል። በዝናብና በከባድ ነፋስ ግን ትርዒት የለም፣ ቀጥ ብለው ገብተው ይተኛሉ። ጥርት ያለ ጸጥተኛ ምሽት ምረጡ። በነጋታውም ጎህ ሳይቀድ ብትመጡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሱ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ይህንን አያውቅም።

ሸምበቆ ውስጥ ድምፅ እሰማለሁ፣ ወፍ ግን አላይም።

ሸምበቆ እንዲህ ነው። እንደ አሳማ ግልገል የሚጮህ ነገር ከሰማችሁ ዋተር ሬይል ናት። በአዘቦት ቀን አትታይም፣ ውሃ ሲረጋ ግን ምግብ ፍለጋ ወደ ገላጣው ትወጣለች። ብረት በብረት ሲነካ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ከሰማችሁ ቢርድድ ቲት ናቸው፣ ረጅም ጭራ ያላቸው ትንንሽ ወፎች። እነዚህ የሚያስገርም ነገር ይሠራሉ። በበጋ ነፍሳት ይበላሉ፣ መጸው ላይ ግን ወደ ሸምበቆ ዘር ይዞራሉ። ዘሩን ለመፍጨት ጨጓራቸው ይጠነክራል፣ ትንንሽ ጠጠርም ይውጣሉ። ለዚህ ነው በጥቅምት ጠዋት መንገድ ላይ ጠጠር ሲለቅሙ የሚታዩት፣ አንዳንድ ጥብቅ ስፍራዎችም ጠጠር በሳህን ያስቀምጡላቸዋል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሂዱ። ነፋስ ካለ ከሸምበቆው ሥር አይወጡም።

ቢተርን ደግሞ አለ፣ ሸምበቆ መስሎ የሚቆመው። በብርዱ ወራት ወደ ብሪታንያ ከአውሮፓ አህጉር ተጨማሪዎች ስለሚመጡና ውሃው በረዶ ሲሆን ወደ ሸምበቆው ዳር ስለሚወጡ፣ ያኔ የማየት ዕድላችሁ ይሻላል።

ትንንሾቹ መንገዱን በምን ያውቃሉ?

ሁለት ዓይነት ናቸው። የስዋን፣ የዝይና የክሬን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይጓዛሉ፣ መንገዱንም ማረፊያውንም ከእነሱ ይማራሉ። በኅዳር የስዋን መንጋ ውስጥ ግራጫ ሆነው ከሁለት ነጮች መሃል የሚዋኙትን እዩ፣ ቤተሰብ ናቸው። ተመራማሪዎች የግራጫዎቹን ድርሻ ቆጥረው ሰሜን ላይ መራባቱ እንዴት እንደነበር ያውቃሉ። እናንተም መቁጠር ትችላላችሁ።

ብዙዎቹ ጭቃ ላይ የሚበሉ ወፎች ግን ሌላ ናቸው። ወላጆቹ ቀድመው ይሄዳሉ። ልጆቹ ከሳምንታት በኋላ፣ አይተውት የማያውቁትን መንገድ፣ ያለ መሪ ይነሳሉ። አቅጣጫው አብሯቸው የተወለደ ነው፣ ፀሐይን፣ ከዋክብትንና የምድርን መግነጢስ ይጠቀማሉ። መስከረም ላይ ዳር ላይ የምታዩት አዲስ ላባ የለበሰ፣ ጀርባው ላይ ጥርት ያለ ቅርፊት መሰል ንድፍ ያለው ወፍ ገና ጥቂት ወራት የሆነው ነው። እሱን ባየሁ ቁጥር ደረቴ ይሞላል።

እስከ አፍሪካ የሚወርዱት የትኞቹ ናቸው?

ሁሉም አይወርዱም። ምግብና ያልረጋ ውሃ ካገኙ አውሮፓ ላይ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ከፒንቴል፣ ከሾቭለርና ጭቃ ላይ ከሚበላው ራፍ ግን ብዙ ወፎች ይቀጥላሉ፣ በጥር የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርም ይታያሉ። ነጭ ሽመላዎች ደግሞ የሚንሳፈፉበት ሞቃት አየር ባሕር ላይ ወደ ላይ ስለማይነሳ በየብስ ይዞራሉ። የምሥራቁ መስመር በቦስፎረስ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በዓባይ ሸለቆ ያልፋል። አንዱ ረግረግ ቢደርቅ ሌላ አህጉር ላይ ያለ ሰው ወፍ ያጣል ማለት ነው።

ጥብቅ ስፍራ ከሆነ ለምን ሣሩን ያጭዳሉ፣ ከብት ያስገባሉ፣ ውሃውን ይከፍቱና ይዘጋሉ?

ካልነኩት ስለሚጠፋ ነው። ወንዞች በግድብ ተቀይደዋል፣ በራሳቸው ጊዜ ሞልተው ሜዳውን የሚያጥቡበት ሁኔታ በብዙ ቦታ የለም። ሸምበቆ ካልታጨደ በሞተ ቅጠል ራሱን ሞልቶ ደረቅ መሬት ይሆናል፣ ቁጥቋጦ ይበቅልበታል። ከብት መጸው ላይ ሣሩን ካላሳጠረ ዊጀን አይግጠውም። ውሃውን በበር የሚያስተዳድሩት ሰዎች የወንዙን ሥራ እየሠሩ ነው።

ኡዝ ዋሽስን ተመልከቱ። በምሥራቅ እንግሊዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተቆፈሩ ሁለት ቀጥ ያሉ ቦዮች መካከል ያለ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሜዳ ነው። የተሠራው ጎርፍ እንዲጠራቀምበት ነበር። ዛሬ በብርዱ ወራት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የውሃ ወፎች ይሰበሰቡበታል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ያለው ቦስኬ ዴል አፓቼ በ1939 የተቋቋመ ነው። በሪዮ ግራንዴ ሸለቆ ውሃውን በቦይና በበር እያስገቡ ለሳንድሂል ክሬኖችና ለበረዶ ዝዮች ማደሪያ ያዘጋጃሉ። የሁላ ሸለቆ ታሪክ ደግሞ ትምህርት ነው። በእስራኤል በላይኛው ዮርዳኖስ ወንዝ ላይ ያለው ይህ ረግረግ በ1950ዎቹ ለእርሻ ሲባል ተጠነፈፈ። የደረቀው አፈር ተቃጠለ፣ በነፋስ ተነነ፣ እርሻውም ተጎዳ። በ1990ዎቹ ከፊሉን መልሰው ውሃ አለበሱት። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬኖች ይከርሙበታል። መልሶ ውሃ ማስገባት እንደሚቻል ለሚጠራጠር ሰው ሁላን አሳዩት።

የማየውን መመዝገብ ጥቅም አለው?

በጣም። የውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ ይካሄዳል፣ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። የካቲት 2 ቀን 1971 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኢራን ራምሳር የተፈረመው የረግረግ መሬቶች ስምምነት መስፈርቶች አሉት። አንድ ቦታ በመደበኛነት 20,000 የውሃ ወፍ ወይም ከአንድ ዝርያ ሕዝብ 1 በመቶውን የሚይዝ ከሆነ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ እንዳለው ሊመዘገብ ይችላል። ያንን የሚያረጋግጠው ብርድ ላይ ቆሞ የቆጠረ ሰው ነው።

ትልቅ መንጋ ለመቁጠር 10 ወፍ ቁጠሩ፣ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ዓይናችሁን አስለምዱ፣ ያንን ቦታ በመንጋው ላይ እየደጋገማችሁ አሳልፉ። ለመመዝገቢያ ኢበርድ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ አለ። መርሊን የሚባለው ደግሞ ድምፅ ሰምቶ ወፉን ይገምታል። ይጠቅማል፣ ግን ሳታዩ አትመኑት። ስታርሊንግ የሌሎችን ወፎች ድምፅ ስለሚቀዳ መተግበሪያውን ያታልለዋል።

የሞተ ወፍ ባገኝ ምን ላድርግ?

አትንኩት። ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ከ2021 ወዲህ በአውሮፓ ብዙ የዱር ወፎችን ገድሏል። ቦታውንና የወፉን ዓይነት ይዛችሁ ለስፍራው ሠራተኛ ወይም ለአገሩ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ልጆችንና ውሻን አርቁ። ስትመለሱ ጫማችሁን እጠቡ።

እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ስዋን አየሁ። ለማን ነው የምነግረው?

ለአገሩ የወፍ ቀለበት መዝጋቢ ተቋም። አብዛኛዎቹ በኢንተርኔት ይቀበላሉ። ቀለበቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳለ፣ ቀለሙን፣ ፊደሉንና ቁጥሩን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። አንድ ፊደል ካልታያችሁ በግምት አትሙሉት፣ ክፍት ተዉት። አንገቱ ላይ ወይም ሌላኛው እግር ላይ ተጨማሪ ምልክት ካለ እሱንም ጨምሩ። ብዙ ጊዜ መልስ ይመጣል። ወፉ ቀለበቱ የት እንደታሰረለት፣ ከዚያ ወዲህ የት የት እንደታየ፣ አንዳንዴም አጋሩ ማን እንደሆነች ይነግሯችኋል።